ቪዲዮው ታየ፣ ወንበሩ ግን ባዶ ነው፦ የጥርስ ክሊኒክን በሶሻል ሚዲያ ማስተዋወቅ (ድሬዳዋ)

የሳቢያኗ_ሐኪም (ክሩን የከፈተች) | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

ሰላም የድሬና የሐረር ሰዎች። ሳቢያን ውስጥ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር የጥርስ ክሊኒክ ከፍተናል። ለቲክቶክና ለፌስቡክ ቪዲዮ የሚቀርጽልን ልጅ በወር እየከፈልን ይዘናል። ልጁ ጎበዝ ነው፤ መብራቱ፣ ሙዚቃው፣ ነጩ ወንበር፣ ቀስ ብላ የምትዞረው መስታወት፣ ምንም አልቀረም። አንዷ ቪዲዮማ ካሰብነው በላይ ታየች። አስተያየቱን ስታነቡት ግን አንዱ ከአዲስ አበባ፣ አንዷ ከጅዳ፣ ሌላው ከጅቡቲ ነው። በራችንን የሚያንኳኳው ሰው ያው እንደ ድሮው ነው፦ ወይ ጎረቤት ነግሮት የመጣ፣ ወይ ሌሊቱን ሲያመው አድሮ ጠዋት ባጃጅ ላይ ሆኖ ታፔላችንን ያየ።

ባልደረባዬ «እናቁመውና ገንዘቡን ለሬዲዮ እንስጠው» ይላል። ቀራጩ ልጅ ደግሞ የታካሚ «በፊትና በኋላ» ፎቶ ካልለጠፋችሁ፣ ዋጋ ካልጻፋችሁ ማንም አይመጣም ባይ ነው። እኔ መሃል ላይ ቆሜያለሁ። እዚህ ከተማ ሠርቶላችሁ ያያችሁት ነገር ካለ ንገሩን፤ የሙያው ሰዎችም፣ እንዲሁ ጥርሳችሁን ያማችሁም።

---

ዲጂታል_ድሬ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡48

ዶክተር፣ ቲክቶክ ቪዲዮ የሚያሰራጨው በሰፈር አይደለም፤ ሰው በሚወደው ነገር ነው። ጥርስ ሲታጠብ ማየት የሚወድ ሰው ሪያድም ይኑር ባህር ዳር ያንቺ ቪዲዮ ይደርሰዋል። ስለዚህ የታየበት ቁጥር ብዙ አያስደስትሽ፣ ብዙም አያሳዝንሽ።

ለድሬ ሰው ብቻ እንዲታይ ከፈለግሽ ፌስቡክ ላይ ከፍለሽ ማስተዋወቅ ነው። ካርታው ላይ ክሊኒካችሁን ነጥብ ታደርጊና በዙሪያው ያለውን ኪሎ ሜትር ትወስኛለሽ። ያን ጊዜ ከመልካ ጀብዱ እስከ ለገሃሬ ያለው ሰው ያየዋል፣ ጅዳ ያለው አያየውም። ክፍያው ላይ የታወቀ ችግር አለ፤ በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ይጠይቃል። ብዙ ሰው በደላላ ያስከፍላል። በደላላ ከሆነ ግን ገጹን አሳልፈሽ አትስጪ፤ ማስታወቂያ የማስተዳደር ፈቃድ ብቻ ስጪው፣ ባለቤትነቱ በእጅሽ ይሁን።

«በፊትና በኋላ» ያላችሁትን በተመለከተ፣ በክፍያ የሚለቀቅ ማስታወቂያ ላይ እንዲህ ዓይነት ጥንድ ፎቶ ብዙ ጊዜ ተቀባይነት አጥቶ ይመለሳል። የፌስቡክ ደንብ ሰው በሰውነቱ እንዲያፍር የሚያደርግ፣ የማይጨበጥ ውጤት ተስፋ የሚሰጥ ምስል አይወድም። ልጁ ይህን አላወቀም ማለት ነው።

---

ከዚራ_ጥላ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ልጄ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ የምድር ባቡር ሰው ነኝ፤ ስለ ቲክቶክ አላውቅም። ስለ ጥርስ ሕመም ግን አውቃለሁ። ባለፈው መንጋጋዬ ሲነሳብኝ የልጅ ልጄ ስልኩ ላይ ሳቢያን ያለ የጥርስ ክሊኒክ ፈልጎ አወጣልኝ። የእናንተ ይሁን የሌላ አላውቅም። ባጃጁ ካርታውን ተከትሎ ሄዶ ሄዶ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አቆመኝ! ፍየሎች ነበሩ፣ ሐኪም አልነበረም። ስልክ ደወልን፤ አይነሳም። ደግመን ደወልን፤ ተነሳና «ኢንቦክስ ያድርጉ» አለችን። ጉንጬ እንደ ኳስ አብጦ ምኑን ነው ኢንቦክስ የማደርገው?

መጨረሻ ላይ ቀፊራ አጠገብ ያለች ፋርማሲ ያለች ልጅ ናት ሐኪም ያመላከተችኝ። እና ከሙዚቃው በፊት ስልክ የሚያነሳ ሰው አስቀምጡ።

---

አቦ_ተወኝ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡11

ጋሼ ፍየሎቹ ጋ ያቆመዎት ካርታ 😂 አቦ ሞትኩ።

---

ሪሴፕሽን_ነኝ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30

ሌላ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ነኝ (ድሬ ነው፣ ስሙ ይቅር)። ጋሼ ያሉት ልክ ነው፤ ግን እኛንም ስሙን። በአንድ በኩል ሰው ፊቴ ቆሟል፣ በሌላ በኩል ስልክ ይጮኻል፣ ከዚያ ላይ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ። መልስ የሚፈልገው ሁሉ የሚጽፈው አንዲት ቃል ናት፦ «ስንት?» ምኑ ስንት? ማስነቀል? ማስሞላት? ማሳጠብ? ሽቦ? ስጠይቀው መልሶ አይጽፍም።

እኛ ጋ የተሻለው ነገር ይህ ነው፦ አጫጭር መልሶችን ቀድመን ጽፈን አስቀመጥን። ምርመራው ይህን ያህል ነው፣ ማሳጠብ ከዚህ እስከዚህ፣ ሌላው ሐኪሙ ካየው በኋላ ነው፣ አድራሻው ከእንዲህ ያለው ሕንፃ ፊት ለፊት፣ የምንሠራው ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ። «ስንት?» ያለው ሁሉ ይህ ይደርሰዋል። ከዚያ በኋላ ለማውራት የሚፈልግ ሰው በእውነት ሊመጣ ያሰበ ነው።

---

ሐረር_ሸዋበር | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡40

የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ ሐረር ነው የምሠራው። እህቴ፣ ሬዲዮውም ቲክቶኩም አንድ ነገር ይጎድላቸዋል፦ ሰው ለምን እንደማይመጣ አልጠየቃችሁም። የእኛ አገር ሰው የጥርስ ክሊኒክ የት እንዳለ ስላላወቀ አይደለም የሚቀረው። ይፈራል። መርፌውን ይፈራል፣ ዋጋውን ይፈራል፣ «ማሳጠብ ጥርስ ያላላል» የሚለውን ሰምቶ ይፈራል። የሚመጣው ሕመሙ ከፍርሃቱ ሲበልጥ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ መንቀል ብቻ ይቀረናል።

እኔ ሰው ያመጣልኝ ቪዲዮ ውብ አልነበረም። በስልክ የተቀረጸ፣ ሙዚቃ የሌለው፣ እኔው ራሴ የማወራበት ነው። ርዕሱ «ካሳጠብኩ በኋላ ጥርሴ ለምን ተነቃነቀ?» ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በጥርስና በድድ መሃል ለዓመታት የተጋገረው ድንጋይ ጥርሶቹን እንደ ሲሚንቶ አያይዞ ይቆያል። ከሥሩ ግን ድዱንና አጥንቱን እያስበላ ነው። ድንጋዩ ሲነሳ ቀድሞ የላላው ጥርስ ይታወቃል፣ ክፍተቱም ይታያል፣ ለጥቂት ቀን ቀዝቃዛ ነገር ይጠዘጥዛል። ያላላው እጥበቱ ሳይሆን ድንጋዩ ነው። ይህን ሰው ሲሰማ ለአክስቱ ላከው፤ አክስቱ ለጎረቤቷ። በየቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ዞረ።

የሰው ወሬ ነው የሚያመጣው ያልሽው ትክክል ነው፤ ሶሻል ሚዲያ የዚያው ወሬ ማሻገሪያ ሲሆን ብቻ ነው የሚጠቅመን። ሰው ለእናቱ ሊልከው የማይችለውን ቪዲዮ ባትሠሪው ይሻላል። የመስታወት ዙረት ለእናቱ የሚልክ ማን ነው?

---

የሳቢያኗ_ሐኪም | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡25

ጋሼ፣ ፈገግ አሰኝተውኛል፤ ግን ካርታችንን አሁኑኑ አይቼው መጣሁ። የእኛ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው፣ ተመስገን። ስልኩን ግን አልምልም።

ዶክተር፣ ሌሎች የሠሩልህን ርዕሶች ብትነግረኝ ደስ ይለኛል። እኔ የምፈራው «አስተማሪ» ቪዲዮ ማንም አይቶ አይጨርሰውም ብዬ ነው።

---

ሐረር_ሸዋበር | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡50

ማስተማር ብለሽ ስትጀምሪ ነው የማይጨርሱት። ቤት ውስጥ የሚያጨቃጭቃቸውን ነገር ስትነኪ ይጨርሱታል። ከእኔ የተመለከትኩት፦

የስድስት ዓመቱ መንጋጋ። ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት ጥርሶቹ ኋላ፣ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ፣ አዲስ መንጋጋ ይወጣል። ቋሚ ነው። ወላጅ ግን «የወተት ነው፣ ይወልቃል» ብሎ ሲበሰብስ ዝም ይለዋል። ለዚህ ቪዲዮ የመጣውን የወላጅ መልእክት ብታዪ ትገረሚያለሽ፤ ሁሉም የልጁን አፍ ከፍቶ ቆጥሯል።

ሁለተኛው፣ ተመትቶ ወይም ወድቆ ጥርሱ ሙሉ በሙሉ የወጣ ልጅ። ሥሩን ሳይነኩ በሚታየው ነጩ ክፍል መያዝ፣ ከቆሸሸ ሳይፈትጉ በወተት ወይም በንጹህ ውሃ ቶሎ ማለቅለቅ፣ ከተቻለ ቦታው መመለስ፣ ካልተቻለ ወተት ውስጥ ከቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሐኪም ጋ መድረስ። ይህ ለቋሚ ጥርስ ነው፤ የወተት ጥርስ አይመለስም። ባጃጅና ኳስ ባለበት ከተማ ይህን የማያስቀምጥ ወላጅ የለም።

ሦስተኛው እርግዝና ነው። «እርጉዝ ጥርሷን አትታከምም» እየተባለ እስክትወልድ በሕመም የምትቆይ ሴት ብዙ ናት። ድንገተኛ ሕመም በማንኛውም ጊዜ ይታከማል፤ ለተለመደው ሥራ ደግሞ የመካከለኛዎቹ ወራት ይመቻሉ። እርጉዝ መሆኗን ቀድማ መንገር ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ይህችን ቪዲዮ ከእኔ ይልቅ ሴት ሐኪም ብትናገራት ይሻላል፤ ስለዚህ ያንቺ ናት።

ስለ ጫት ደግሞ እንዳትሰብኪ። «ጫት አትቃሙ» የሚል የጥርስ ሐኪም ድሬ ላይ ማን ይሰማዋል? ሐረርም ያው ነው። እኔ ያልኩት «ከቃማችሁ አይቀር ስኳሩን ተዉት» ነው። ከቅጠሉ ጋር የሚጠጣው ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ለሰዓታት በጉንጭ ተይዞ፣ አፍም ደርቆ፣ ጥርሱን የሚያቦካው እሱ ነው። ውሃ ጠጡ፣ ስትጨርሱ ተጉመጥመጡ። ይህን ብቻ። በርጫ ላይ ተቀምጠው እየሳቁ ነው ያዩት፤ ግን አዩት።

---

አቦ_ተወኝ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡10

በርጫ ላይ ነው አሁንም እያነበብነው ያለነው 😂

ዶክዬ ከልቤ ግን። ቲክቶክ እሠራለሁ፣ ትንሽ አውቃለሁ። መጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክሉ። እናንተ ጠዋት 3 ሰዓት ትለጥፋላችሁ፣ ድሬ ያን ሰዓት ሥራ ላይ ናት። ከ6 ሰዓት ተኩል በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ ሙቀቱ ሰው ቤት ያስገባል፣ ስልክ ይወጣል። ከ8 እስከ 11 ሁሉም በርጫ ላይ ስልኩን ይዟል። ከዚያ ማታ ነፋስ ሲነፍስ።

ሁለተኛ ቋንቋው። ቪዲዮአችሁ ሁሉ አማርኛ ነው። የ1999ኙን ቆጠራ ያየ ሰው ያውቃል፦ ድሬ ላይ ግማሽ ለመሆን ትንሽ የቀረው ኦሮሞ ነው፣ ሩብ የሚሆነው ሶማሌ። አማርኛ ሁሉም ይሰማል አቦ፤ ግን እናቴን ጥርስ ሲያማት በአማርኛ አያማትም። በሶማሊኛ ነው የምትጮኸው። አንዲት ነርሳችሁ በኦሮምኛ ብታወራ ከአሥር መስታወት ይበልጣል።

ሦስተኛ ይሄ ሎሚና ከሰል ጥርስ ላይ የሚፈትጉት ልጆች። ቪዲዮአቸውን ወስዳችሁ እየመለሳችሁለት ሥሩ። ሎሚ ጥርስ ያነጣል ሲል፣ እናንተ መጥታችሁ «አይ፣ የላዩን ሽፋን ይበላዋል፣ የተበላው ደግሞ አይመለስም» ትላላችሁ። ያ ይታያል።

---

ለገሃሬ_እናት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡00

ስለ ፎቶው ማንም በደንብ አልተናገረም፤ እኔ ልናገር።

የእህቴ ልጅ ናት። ፊት ለፊት ያለውን ጥርሷን ልጅ ሆና ወድቃ ሰብራው ስለነበር ለሠርጓ ብላ አሠራችው፤ ቆንጆ ሆነላት። የት እንደሆነ አልናገርም። ክሊኒኩ ግን «በፊት» ብሎ የተሰበረውን፣ «በኋላ» ብሎ የተሠራውን ለጠፈ። ፊቷ የለበትም፣ አፏ ብቻ ነው። «ፊቷን ቆርጠነዋል እኮ» ነው የሚሉት ስንናገራቸው። ኧረ የሰው ያለህ! ልጅቱ ከተሠራው ጥርስ ሌላ ፍንጭት አላት፣ ከንፈሯ ላይ ጥቁር ነጥብ አላት። ድሬ ውስጥ ያን አፍ የማያውቅ አለ? ከሦስት ቀን በፊት ያላወቀው የሙሽራው ቤተሰብ ሁሉ አየ። አንዷ አማች «የራስሽ ጥርስ አይደለም ለካ» አለቻት በቀልድ። ቀልዱ ለማን ነው?

ፈቃድ ጠይቀናት ነበር አሉ። እውነት ነው፣ ጠይቀዋታል፦ ወንበሩ ላይ ተጋድማ፣ አፏ ደንዝዞ፣ ጥጥ ተጠቅጥቆበት። «እሺ» ሳይሆን «እእ» ነው ያለችው።

እኔ አሁን ጥርሴን የማሳየው ፎቶ ለማይለጥፍ ሐኪም ነው። ጎረቤቶቼንም እንዲሁ እያልኩ ነው። እና ያ ልጅ «ፎቶ ካልለጠፍን ሰው አይመጣም» ሲላችሁ፣ ፎቶ በመለጠፉ የቀረውን ሰው ማን ይቁጠርለት?

---

ጠበቃ_ድሬ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡45

እትዬ ያሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሕጉም ከእርስዎ ጎን ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። በዚህ አዋጅ የጤና መረጃ ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው መረጃዎች አንዱ ነው። ፈቃዱ ግልጽና ለተወሰነ ዓላማ የተሰጠ መሆን አለበት፤ ሰውየው ሐሳቡን ቀይሮ ማንሳትም ይችላል። «ፊት ስለሌለው የማንም አይደለም» የሚለው ክርክር ደካማ ነው፤ ሰውየው ከምስሉ ሊለይ ከቻለ የእሱ መረጃ ነው። የእህትዎ ልጅ ደግሞ ተለይታለች።

ሁለተኛው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ነው፤ አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። «በምሥራቅ ኢትዮጵያ አንደኛ»፣ «ያለ ምንም ሕመም»፣ «ለዕድሜ ልክ ዋስትና» እያላችሁ የምትለጥፉ ክሊኒኮች፣ አንድ ቀን አንድ ሰው «አረጋግጡ» ቢላችሁ ምን ታቀርባላችሁ? ያለ ሕመም የሚባል ነገር የለም፤ «መርፌው ትንሽ ይቆነጥጣል፣ ከዚያ አይሰማዎትም» ማለት ይቻላል፤ ሰውም የበለጠ ያምነዋል።

---

ሐረር_ሸዋበር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

እኔ ጋ አሠራሩ እንዲህ ነው። የፎቶ ፈቃድ ከሕክምናው ስምምነት የተለየ ወረቀት ነው። ሕክምናው በሚጀመርበት ቀን አይፈረምም፤ ሥራው አልቆ ለክትትል ሲመለስ፣ ተቀምጦ፣ አፉ ሳይደነዝዝ፣ ፎቶውን ራሱ አይቶ ነው። የት እንደሚለጠፍ ተጽፏል። «አይሆንም» ካለ ዋጋውም እንክብካቤውም አይቀየርም ይላል ወረቀቱ። አብዛኛው ሰው አይሆንም ይላል። ይበል። ሕፃናትን ጭራሽ አንለጥፍም።

ለማስረዳት ምስል ሲያስፈልገኝ የፕላስቲክ መንጋጋ እጠቀማለሁ፤ አይከሰኝም፣ አማችም የለው።

---

ዲጂታል_ድሬ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

እትዬ፣ ልክ ነዎት። ግን ላሟግት፤ ውጤት ሳያሳይ ማን ይመጣል? ሽቦ ማሳሰር የሚፈልግ ወጣት የሌላ ሰው ጥርስ ሳያይ ያን ሁሉ ብር አያወጣም። ፈቅዶ፣ ደስ ብሎት፣ ራሱ የሚለጥፍ ወጣት አለ። እሱ በራሱ ገጽ ይለጥፍና ክሊኒኩን ይጥቀስ። ያን ማካፈል ሌላ ነው።

---

ለገሃሬ_እናት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡41

ራሱ ከለጠፈ ራሱ ነው። በዛ አልጣላም።

---

ጅዳ_ያለሁ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12፡55

ሰላም። «አስተያየቱ ከጅዳ ነው» ብላችሁ እንደ ከንቱ ቆጠራችሁን እንጂ 🙂 እኔ ካየሁት አንዷ ነኝ።

እናቴ እዚያው ድሬ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ናት። ጥርሷ ካለቀ ቆይቷል፤ ምግብ አድቅቃ ነው የምትበላው። ተንቀሳቃሽ ጥርስ ላሠራላት ከረመዳን ጀምሬ ክሊኒክ እፈልጋለሁ። ብር የምልከው እኔ ነኝ፤ እሷ በራሷ አትሄድም፣ «ለሞት ጥርስ ምን ያደርግልኛል» ነው የምትለኝ። ለሁለት የድሬ ክሊኒኮች ገጽ ጻፍኩ። አንዱ «ስልክ ቁጥሮትን ያስቀምጡ» አለኝ፣ አስቀመጥኩ፣ ማንም አልደወለም። ሌላው ልብ አደረገብኝ። ❤️ ብቻ።

እኛ ውጭ ያለነው የምንፈልገው ቀላል ነው፦ መጀመሪያ እናቴን የሚያይ ሰው፤ ከዚያ ምን ምን እንደሚሠራ፣ ስንት ጊዜ መመላለስ እንዳለባት፣ ጠቅላላው ስንት እንደሆነ በድምፅም ቢሆን የሚነግረኝ። እናቴ እሺ ካለች ነው፤ የእሷን ጉዳይ ያለ ፈቃዷ ንገሩኝ አልልም። ከዚያ እከፍላለሁ። እንዲህ የሚያደርግ ክሊኒክ ካለ ጅዳ ውስጥ ያለውን የድሬ ሰው ሁሉ እኔ እነግርላችኋለሁ።

---

የሳቢያኗ_ሐኪም | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡10

እህቴ፣ ይህን በማንበቤ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ጅዳን ከሒሳብ ውጭ አድርጌ የከፈትኩት ክር ላይ ከፋዩ መጣ።

ገጻችንን ማን እንደሚመልስ ዛሬ ጠዋት ጠየቅሁ። ቀራጩ ልጅ ነው። የይለፍ ቃሉም ያለው በእሱ ስልክ ብቻ ነው፤ ገጹ የተከፈተውም በእሱ ቁጥር። ሰው የጥርሱን ፎቶ፣ የሕመሙን ታሪክ፣ የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ እዚያ ጽፏል። እትዬ ስለ ፎቶው ሲናገሩ ይህኛው ነገር ትዝ አለኝ፤ ለካ ለጣፊው ብቻ አይደለም ጉዳዩ።

ስለ እናትሽ፦ ሙሉ ተንቀሳቃሽ ጥርስ በአንድ ቀን አይሠራም። የቀሩ ጥርሶች መነቀል ካለባቸው ድዱ እስኪድን መጠበቅ አለ፤ ከዚያ ልክ መውሰድ፣ አነካከሱን መለካት፣ በሰም ላይ መሞከር፣ መረከብ፣ ከተረከቡም በኋላ የሚያቆስል ቦታ ካለ ማስተካከል። መመላለሷ አይቀርም፤ ስለዚህ የሚያመጣት ሰው ይኑር። ዋጋውን ሳናያት ብነግርሽ እዋሻለሁ።

---

ሪሴፕሽን_ነኝ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 5፡30

ዶክተር፣ የይለፍ ቃሉን ዛሬውኑ። ልጁን ሳታስቀይሙ። እኛ ጋ ቀራጩ ሲለቅ ገጹም አብሮት ሄደ፤ ተከታዮቹ ሁሉ አሁን የሞባይል መለዋወጫ ማስታወቂያ ነው የሚያዩት።

ዋጋ መለጠፍ ያላችሁትንም ልመልስ። ለጥፉ፣ ግን ቀን ጻፉበት። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የመሙያ ዕቃው፣ ማደንዘዣው፣ ጓንቱ ሳይቀር ከውጭ የሚገባው ሁሉ ዋጋው አልቆመም። በድሮ ዋጋ የተለጠፈ ፖስት ይዞ የሚመጣ ሰው አለ፤ ስልኩን ፊቴ ላይ ያደርግና «ይኸው ጽፋችኋል» ይላል። ከሰውየው ጋር መጨቃጨቅ አያምርም፤ እኛ ዋጋውን እንሸከመዋለን።

---

ከዚራ_ጥላ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡20

የጅዳዋ ልጅ፣ ለእናትሽ «ለሞት» አትበይ በያት። ሥጋ በጥርስ መብላት ለሕይወት ነው። እኔ ከምስክሮቹ ነኝ።

---

ሐረር_ሸዋበር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡35

ሁለት ነገር ረስቼ ነበር።

አንደኛ፣ ሁሉንም እንቁላል ቲክቶክ ላይ አታስቀምጡ። በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራም ተገድበው ሳለ ቪፒኤን (እገዳውን የሚያሳልፈውን መተግበሪያ) የማያውቅ ታካሚ ሁሉ ጠፋብን። የታካሚው ስልክ ቁጥር በደብተራችን ስለነበረ ነው ቀጠሮ በአጭር መልእክት ማስታወስ የቻልነው። እናቶችና አባቶች አሁንም የሚያነቡት እሱን ነው።

ሁለተኛ፣ በኢንቦክስ አታክሙ። ፎቶ ይልካሉ፣ «ይህ ምንድን ነው? ምን ልውሰድ?» ይላሉ። አሞክሳሲሊን የሚል ስም አንዴ ከጻፍሽ ሰፈሩ ሁሉ በራሱ ይገዛዋል፤ ለአንድ ሰሞን ሕመሙ ጋብ ይላል፣ ጥርሱ ግን ውስጡ እየበሰበሰ ነው። አንድ ነገር ብቻ ወዲያው መልሱ፦ ፊት አብጦ ትኩሳት ካለ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ከከበደ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል። ይህን ገጹ አናት ላይ ስቀሉት።

---

አቦ_ተወኝ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡15

ረመዳንም እንዳይረሳ። ከኢፍጣር በኋላ የሚሠራ የጥርስ ክሊኒክ ካለ ንገሩን፤ እኛ ሰፈር ሁሉም ሰው በጾም ጥርሱን ይዞ ዒድ ይጠብቃል። ማታ ክፍት ነን ብላችሁ አንዲት ፖስት ብቻ ብትለጥፉ ሰልፍ ነው።

---

የሳቢያኗ_ሐኪም | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡50

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባልደረባዬም ክሩን አንብቦታል፤ የሬዲዮው ነገር ለጊዜው ቀርቷል።

የያዝነው ይህ ነው። ገጾቹ በክሊኒኩ ቁጥር ሆነዋል፤ ልጁ ይቀርጻል እንጂ መልእክት አያነብም። ተከፋ ትንሽ፤ ግን ገባው። የታካሚ ፎቶ የነበሩት ሁለት ፖስቶች ወርደዋል፤ ባለቤቶቹን ደውለን እስክንጠይቅ። ስልኩን ከሰኞ ጀምሮ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት የሚያነሳ ሰው አለ። የማሳጠቡን ቪዲዮ እኔ በአማርኛ፣ ነርሳችን በኦሮምኛ ቀርጸነዋል፤ ያለ ሙዚቃ። ነርሷ ከእኔ ትሻላለች፤ እያወራች ስቃ አሳቀችን፣ ሳቁን አልቆረጥነውም። የእርግዝናውም ቀጥሎ ነው።

የጅዳዋ እህት፣ በውስጥ መስመር ቁጥር ልኬልሻለሁ። እናትሽን የሚያመጣት ሰው አስቀድሞ ይደውል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ሙቀቱ ሳይጀምር ይሻላታል።

የጎደለን ሶማሊኛ ነው። አቦ_ተወኝ፣ አንተን ነው የማየው።

---

አቦ_ተወኝ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡02

አቦ ዶክዬ እኔ ሐኪም አይደለሁ፣ ምን ልበል?

---

የሳቢያኗ_ሐኪም | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡06

እኔ እጽፍልሃለሁ፣ ያልኩትን ብቻ ትላለህ። ማስታወቂያ መሆኑን መጀመሪያ ላይ ትናገራለህ፣ «ያለ ሕመም» አትልም። እናትህ ሰምታ «ይህ አልገባኝም» ያለችውን እናስተካክላለን።

---

አቦ_ተወኝ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡10

እሺ። ቅዳሜ ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት። እናቴንም ይዣት እመጣለሁ፤ ግን የእሷን አፍ የሚቀርጽ ካለ ከአሁኑ ተጣልተናል።